ወሰኑን ያለፈ መልእክት፦ የ1988ቱ የኢንተርኔት ትል እና የባፈር ኦቨርፍሎው ታሪክ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ)

ለዚህ ሳምንት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርታዊ ዝግጅት የተመረጠው ርእስ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ እርስ በርስ መገናኘት በጀመሩበት ዘመን ከባድ ጉዳት ያደረሰና ዛሬም ፈጽሞ ያልጠፋ አንድ የሶፍትዌር ጉድለት ነው። ጉድለቱ በሙያው ሰዎች ዘንድ ባፈር ኦቨርፍሎው በመባል የሚታወቅ ሲሆን፣ የሚፈጠረውም አንድ ፕሮግራም ከውጭ የሚመጣለትን መረጃ ርዝመቱን ሳይፈትሽ ሲቀበልና መረጃው ከተዘጋጀለት ቦታ አልፎ ሲፈስ ነው። መሠረቱ ማንኛውም ጀማሪ የፕሮግራም ተማሪ ሊረዳው የሚችል ቀላል ነገር ቢሆንም፣ በ1988 የወቅቱን ኢንተርኔት በከፊል ያሽመደመደው፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ለጥቃት ያጋለጠው ይኸው ቀላል ስሕተት ነው። ዝግጅቱ የስሕተቱን ምንነት፣ አስቀድሞ የተሰጡትን ማስጠንቀቂያዎች፣ በ1988 የደረሰውን ነገርና ከዚያ ወዲህ የተገነቡትን መከላከያዎች በቅደም ተከተል ይመለከታል። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

አንድ ፕሮግራም በሚሠራበት ጊዜ የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞችም ሆነ የሚያሰላቸውን መረጃዎች፣ የሚያኖረው ሚሞሪ በሚባለው የኮምፒውተሩ ክፍል ውስጥ ነው። ሚሞሪ በተከታታይ ቁጥር የተለዩ እጅግ ብዙ ትንንሽ ቦታዎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ባይት ይይዛል፤ አንድ ባይት ደግሞ አንድ የላቲን ፊደል ለመያዝ ይበቃል። የእያንዳንዱ ቦታ ተራ ቁጥር አድራሻ ይባላል። ፕሮግራሙ ከተጠቃሚ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር መልእክት ለመቀበል ሲፈልግ፣ ከሚሞሪው ውስጥ የተወሰነ ርዝመት ያለውን ቦታ ለይቶ ያዘጋጃል። ባፈር የሚባለው ይህ ጊዜያዊ የመረጃ ማቆያ ነው።

ማቆያው 512 ባይት እንዲይዝ ተዘጋጅቶ የመጣው መልእክት 600 ባይት ቢሆን፣ ጥንቁቅ ፕሮግራም ትርፉን 88 ባይት አልቀበልም ይላል ወይም መልእክቱን ይቆርጠዋል። ጥንቃቄ የጎደለው ፕሮግራም ግን መጻፉን ይቀጥላል፤ ትርፉ መረጃም ከማቆያው ቀጥሎ ባሉት አድራሻዎች ላይ ያርፍና ቀድሞ በዚያ የነበረውን ይደመስሳል። ሁኔታው የወሰን ድንጋይ ሳይቆምባቸው ጎን ለጎን የተቀመጡ ማሳዎችን ይመስላል፤ አራሹ ድርሻው የት ላይ እንደሚያበቃ ካልተመለከተ በሬዎቹ ወደ ጎረቤት ማሳ ይዘልቃሉ፣ ጎረቤቱ የዘራውም አብሮ ይገለበጣል። በሚሞሪ ውስጥ የሚፈጸመው ወሰን መግፋት ከማሳው የሚከፋው ግን፣ የሚገፋውን ልክና የሚዘራውን ዘር የሚመርጠው የፕሮግራሙ ባለቤት ሳይሆን መልእክቱን የላከው የማይታወቅ ሰው መሆኑ ነው።

ይህ ጉድለት ሥር የሰደደው ሲ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር ተያይዞ ነው። ሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ በዴኒስ ሪቺ የተፈጠረ ቋንቋ ሲሆን፣ ዩኒክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አጠቃላይ ሥራ የሚመራው ሶፍትዌር፣ ከጥቂት ክፍሎቹ በቀር የተጻፈው በእርሱ ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ሚሞሪያቸው ጠባብ፣ ፍጥነታቸውም አነስተኛ ስለነበረ፣ ቋንቋው ለፕሮግራም ጸሐፊው ሙሉ ነጻነትና ከፍተኛ ፍጥነት እንዲሰጥ ሆኖ ተቀረጸ፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ጽሕፈት ከማቆያው ወሰን እንዳያልፍ የመቆጣጠሩ ኃላፊነት በቋንቋው ላይ ሳይሆን በጸሐፊው ላይ ወደቀ። ከሲ ጋር አብረው ይቀርቡ ከነበሩት ዝግጁ ንኡሳን ፕሮግራሞች አንዱ የነበረው ጌትስ የዚህ አሠራር ግልጽ ምሳሌ ነው፤ ጌትስ አንድ መስመር ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ተቀብሎ በተነገረው ማቆያ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ የማቆያውን ስፋት ግን አይጠይቅም ነበር፤ ልንገርህ ቢባልም የሚቀበልበት መንገድ አልነበረውም።

ትርፉ መረጃ የጎረቤት ቦታን መደምሰሱ ፕሮግራሙን ከማሰናከል አልፎ ኮምፒውተሩን ለባዕድ አሳልፎ እስከ መስጠት የሚደርሰው፣ ስታክ በተባለው የሚሞሪ ክፍል አሠራር የተነሳ ነው። አንድ ፕሮግራም ሥራውን በንኡሳን ፕሮግራሞች ከፋፍሎ ያከናውናል፤ አንዱ ንኡስ ፕሮግራም ሌላውን ሲጠራ፣ የተጠራው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወዴት እንደሚመለስ የሚያመለክት አድራሻ በስታክ ላይ ይመዘገባል። ይህ ቁጥር የመመለሻ አድራሻ ይባላል። የተጠራው ንኡስ ፕሮግራም ለጊዜው የሚጠቀምባቸው ማቆያዎችም የሚዘጋጁት በዚያው ስታክ ላይ፣ ከመመለሻ አድራሻው ብዙም ሳይርቁ ነው። ስለዚህ ከማቆያው አልፎ የሚፈስ መረጃ የመመለሻ አድራሻውን ሊደርስበትና በሌላ ቁጥር ሊተካው ይችላል።

ጥቃት ፈጻሚው መልእክቱን አስልቶ ካዘጋጀው፣ በመልእክቱ ሆድ ውስጥ ኮምፒውተሩ ሊፈጽማቸው የሚችላቸውን የራሱን ትእዛዞች ያስቀምጥና፣ የሚፈስሰው የመልእክቱ ጫፍ የመመለሻ አድራሻውን ወደ እነዚያ ትእዛዞች በሚያመለክት ቁጥር እንዲተካው ያደርጋል። ንኡስ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ወደ ጠሪው መመለሱ ይቀርና በመልእክቱ ውስጥ ወደ ተሸሸጉት ትእዛዞች ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩም ለንባብ የመጣውን ጽሑፍ እንደ ራሱ ትእዛዝ ቆጥሮ ይፈጽመዋል። የጉዳዩ አስኳል ይህ ነው፤ መረጃ ሆኖ የገባው ነገር አዛዥ ሆኖ ይገኛል።

ይህ አደጋ በ1988 በድንገት የተገኘ እንግዳ ነገር አልነበረም። ቶኒ ሆር የተባሉት እንግሊዛዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤልየት ብራዘርስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ አልጎል 60 ለተሰኘው ቋንቋ አስተርጓሚ ሶፍትዌር ሲያዘጋጁ፣ ፕሮግራሙ በተከታታይ ወደ ተቀመጡ መረጃዎች በሄደ ቁጥር ወሰኑን እንዲፈትሽ አድርገው ነበር። ሆር በ1980 ቱሪንግ የተባለውን የኮምፒውተር ሳይንስ ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር እንደገለጹት፣ ከዓመታት በኋላ ፍጥነት ለመጨመር ሲባል ፍተሻውን የማጥፋት ምርጫ ይፈልጉ እንደሆነ ደንበኞቻቸው ተጠይቀው፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ እንዳይጠፋባቸው ለምነዋል፤ ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ ስሕተት በዕለት ተዕለት ሥራቸው ምን ያህል እንደሚያጋጥማቸው ያውቁ ነበር። ሆር በዚያው ንግግር የቋንቋ ቀራጮችና ተጠቃሚዎች በ1980 እንኳ ትምህርቱን አለመቅሰማቸውን በፍርሃትና በድንጋጤ አንሥተዋል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከደኅንነት ባለሙያዎች ወገን ነው። ጄምስ አንደርሰን በ1972 ለአሜሪካ አየር ኃይል ባዘጋጁት የኮምፒውተር ደኅንነት ጥናት ውስጥ፣ መረጃ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውር ፕሮግራም የመነሻና የመድረሻ አድራሻዎችን በሚገባ ካልፈተሸ፣ አንድ ተጠቃሚ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ክፍሎች በራሱ መረጃ ሊሸፍንና በዚህም የራሱን ትእዛዝ አስገብቶ ኮምፒውተሩን ሊቆጣጠር እንደሚችል በጽሑፍ አስፍረው ነበር። ሕመሙ ከነ መድኃኒቱ ታውቆ ነበር ማለት ነው። የቀረው ዕውቀቱን ወደ ሁሉም የሥራ ጠረጴዛ ማድረስ ነበር፤ ያ ግን ሳይሆን ቀረ።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

በ1980ዎቹ መጨረሻ የነበረው ኢንተርኔት ዛሬ ከሚታወቀው እጅግ ያነሰ ነበር። በ1969 ከተጀመረው አርፓኔት ከተባለው የምርምር ኔትወርክ ያደገ ሲሆን፣ በ1988 ወደ 60,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ያገናኝ እንደነበረ ይገመታል። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና የወታደራዊ ጥናት ጣቢያዎች ንብረት ነበሩ፤ ተጠቃሚዎቻቸውም በአመዛኙ በሙያ የሚተዋወቁ ሰዎች ስለነበሩ፣ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ እንዲያምን ማድረግ የተለመደ አሠራር ነበር። ኔትወርኩ በመተማመን ላይ የተገነባ በመሆኑ ለምርምር ሥራ ታላቅ ቅልጥፍና ሰጥቷል፤ የዚያኑ ያህልም ደጁ ክፍት ነበር።

የዚህ መተማመን መገለጫ ከነበሩት አገልግሎቶች አንዱ ፊንገር ይባላል። ሐሳቡ በ1971 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሌስ ኧርነስት የተፈጠረ ሲሆን፣ አንድ ተመራማሪ የሥራ ባልደረባው በኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ መሆን አለመሆኑን፣ ሙሉ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን የመሳሰለውን ነገር ከሩቅ ሆኖ ለመጠየቅ ያስችለው ነበር። በዩኒክስ ኮምፒውተሮች ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ፊንገርዲ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ያለማቋረጥ ይሠራ ነበር፤ ሥራውም አንድ መስመር ጽሑፍ መቀበል፣ የተጠየቀውን ሰው መፈለግና መልሱን መላክ ብቻ ነበር። ፊንገርዲ ጥያቄውን ለመቀበል ያዘጋጀው ማቆያ 512 ባይት ስፋት ነበረው፤ ጥያቄውን የሚያነበውም የማቆያውን ስፋት በማይጠይቀው በጌትስ ነበር። የሰው ስም 512 ፊደል ስለማይሞላ ጉድለቱ ለዓመታት ማንንም ሳይጎዳ ኖረ።

ኅዳር 2 ቀን 1988፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ምሽት ላይ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው የ22 ዓመቱ ሮበርት ታፓን ሞሪስ ራሱን በራሱ የሚያባዛ አንድ ፕሮግራም ወደ ኢንተርኔት ለቀቀ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ዎርም ወይም ትል ይባላል፤ ከኮምፒውተር ቫይረስ የሚለየውም በሌላ ፕሮግራም ላይ ሳይጣበቅና ማንም ሰው ሳይከፍተው በራሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚጓዝ በመሆኑ ነው። ሞሪስ ትሉን የለቀቀው ራሱ ከሚማርበት ከኮርኔል ሳይሆን ኤም አይ ቲ ተብሎ በሚጠራው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከነበረ ኮምፒውተር ነው። ከጊዜ በኋላ በፍርድ ቤት መዝገብ እንደሰፈረው፣ ዓላማው የወቅቱ የኔትወርክ ደኅንነት ምን ያህል ደካማ መሆኑን ማሳየት ነበር። የተማሪው አባት የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ከፍተኛ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ መሆናቸው ጉዳዩን በጋዜጦች ዘንድ ይበልጥ አነጋጋሪ አድርጎታል።

ትሉ የሚያጠቃው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሠራቸውን ቫክስ የተባሉ ኮምፒውተሮችና የሰን ማይክሮሲስተምስን ሰን 3 ኮምፒውተሮች ነበር፤ ሁለቱም በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዳበረውን የዩኒክስ ዝርያ ይጠቀሙ ነበር። ወደ እነዚህ ኮምፒውተሮች የሚገባባቸው መንገዶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሴንድሜል በተባለው የኢሜይል አመላላሽ ፕሮግራም ውስጥ ለሙከራ ተብሎ ክፍት የተተወ መግቢያ ነው፤ ሁለተኛው፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ያለ ይለፍ ቃል የሚተማመኑበት አሠራር ነው፤ ሦስተኛው፣ 432 ቃላት የያዘ ዝርዝርና በኮምፒውተሩ ላይ የሚገኘውን መዝገበ ቃላት እየተጠቀሙ የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል መገመት ነው። አራተኛው የፊንገርዲ ማቆያ ነው።

በፊንገርዲ ላይ የተፈጸመው ጥቃት ባፈር ኦቨርፍሎው በኔትወርክ ላይ በስፋት የታየበት የመጀመሪያው ታላቅ አጋጣሚ በመሆኑ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። ትሉ የሰው ስም በሚጠበቅበት ቦታ በጥንቃቄ የተሰናዳ የ536 ባይት መልእክት ይልካል፤ ጌትስም ልኩን ሳይጠይቅ ሁሉንም ወደ 512 ባይቱ ማቆያ ይገለብጠዋል። የተረፉት 24 ባይቶች ከማቆያው ቀጥሎ በስታክ ላይ በተመዘገበው ነገር ላይ ያርፉና የመመለሻ አድራሻውን ይተኩታል። አዲሱ አድራሻ የሚያመለክተው ወደ ራሱ መልእክት ውስጥ ነው፤ በዚያም ሼልን፣ ማለትም የተጠቃሚን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም፣ የሚያስነሡ ጥቂት የቫክስ ትእዛዞች ተቀምጠዋል። ፊንገርዲ ጥያቄውን አንብቦ ጨርሶ ሲመለስ ሼል ይነሣል፤ ሼሉም ከኔትወርኩ ማዶ ካለው ትል ጋር ስለሚገናኝ፣ ትሉ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የፈለገውን ማዘዝና ቅጂውን ማስገባት ይችላል። ኮምፒውተርን ለባዕድ ለማስረከብ የተረፉት 24 ባይቶች በቂ ሆነው ተገኙ።

ሞሪስ ይህን መልእክት ያዘጋጀው ለቫክስ ብቻ ነበር። በሰን 3 ላይ የስታኩ አቀማመጥም ሆነ ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸው ትእዛዞች የተለዩ ስለነበሩ፣ ያው መልእክት ሲደርስ ፊንገርዲ ተሰናክሎ ከመቆም በቀር ትሉን አያስገባም ነበር። ይህ ልዩነት ሰን 3ን የጠበቀው ፕሮግራሙ የተሻለ ሆኖ እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል፤ ጉድለቱ በዚያም ነበረ፣ የጎደለው ለዚያ ኮምፒውተር ተስማሚ ሆኖ የተሰላ መልእክት ብቻ ነው።

ትሉ የማንንም ሰነድ አላጠፋም፤ ጉዳቱ የመጣው ከልክ በላይ በመባዛቱ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ሌላ ቅጂ አስቀድሞ መኖሩን እንዲጠይቅና ካለ ከሁለቱ አንዱ እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር፤ ሆኖም የኮምፒውተር አስተዳዳሪዎች ሐሰተኛ መልስ እየሰጡ እንዳያቆሙት ሲባል፣ ከሰባት አንዱ ቅጂ ይህን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶ እንዲቀጥል ተወሰነ። ይህ መጠን እጅግ ከፍተኛ ሆኖ በመገኘቱ፣ በየኮምፒውተሩ በርካታ ቅጂዎች ተከማቹና ሌላ ሥራ መሥራት እስኪያቅታቸው ድረስ አጨናነቋቸው። በወቅቱ በተደረገ ግምት 6,000 ያህል ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ የሚሆኑት፣ ተጠቅተዋል። ሞሪስ ነገሩ ከእጁ መውጣቱን ባየ ጊዜ በሃርቫርድ ከሚገኝ ጓደኛው ጋር ተማክሮ ትሉን ማስቆሚያ መንገድ የሚያስረዳ መልእክት ስም ሳይገለጽበት እንዲላክ ተደረገ፤ ነገር ግን ኔትወርኩ በራሱ በትሉ ተጨናንቆ ስለነበረ፣ መልእክቱ ለሚፈለጉት ሰዎች የደረሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ሌሊቱንና ቀጣዩን ቀን በበርክሌይ፣ በኤም አይ ቲ፣ በፐርዱና በዩታ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ባለሙያዎች የትሉን ቅጂ ይዘው፣ ከኮምፒውተር ትእዛዝነት ወደ ሰው ወደሚያነበው መልክ እየመለሱ አሠራሩን መረመሩ። ኪት ቦስቲክና የበርክሌይ ባልደረቦቻቸው የሴንድሜልንና የፊንገርዲን ጉድለቶች የሚደፍኑ ማስተካከያዎች አሠራጩ፤ የፐርዱው ዩጂን ስፓፎርድ፣ የዩታው ዶን ሲሊ፣ የኤም አይ ቲዎቹ ማርክ አይኪንና ጆን ሮክሊስ ደግሞ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሱ ጥልቅ ትንታኔዎች ጻፉ። ፊንገርዲን ለማስተካከል ያስፈለገው ጌትስን አንሥቶ የማቆያውን ስፋት በሚጠይቀው በኤፍጌትስ መተካት ነበር። የአንድ መስመር እርማት ነው፤ ይህ አንድ መስመር አስቀድሞ ቢጻፍ ኖሮ የፊንገርዲ በር ለትሉ ባልተከፈተ ነበር።

ሞሪስ በ1986 በወጣው የአሜሪካ የኮምፒውተር ማጭበርበርና አላግባብ የመጠቀም ሕግ ተከሶ፣ በጥር 1990 ጥፋተኛ ተባለ፤ የተወሰነበትም የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ1991 ውሳኔውን ሲያጸና፣ ትሉን ለማጽዳት እያንዳንዱ ተቋም ያወጣው ወጪ ከ200 ዶላር እስከ 53,000 ዶላርና ከዚያም በላይ እንደሚደርስ መዝግቧል። ሞሪስ ከጊዜ በኋላ በኤም አይ ቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆኗል። ከአደጋው በኋላ በዚያው ወር የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ኤጀንሲ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰርት የተባለውን የኮምፒውተር አደጋ ፈጥኖ ደራሽ ቡድን አቋቋመ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙት ተመሳሳይ ቡድኖች የተከተሉት ይህንን አርአያ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አደጋው ትምህርት ሆኖ ጉድለቱን ከሥሩ ይነቅለዋል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። ፊንገርዲ ታረመ፣ ጌትስን የመሰሉ ንኡሳን ፕሮግራሞች ግን በሺህ በሚቆጠሩ ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ መሥራታቸውን ቀጠሉ። በ1996 ፍራክ በተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሔት 49ኛ እትም ላይ፣ አሌፍ ዋን በሚል የብዕር ስም የወጣ ጽሑፍ ስታክን በትርፍ መረጃ መደምሰስ እንዴት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ አስረዳ። እስከዚያ ድረስ በጥቂት ሰዎች እጅ የነበረው ዘዴ ማንም ታታሪ አንባቢ ሊማረው የሚችል ሆነ፤ በዚያው ዘመን ደግሞ ኢንተርኔት ከምርምር ተቋማት ወጥቶ ወደ ንግዱና ወደ መኖሪያ ቤቱ እየገባ ነበር።

ውጤቱ በአዲሱ ምእት ዓመት መባቻ ታየ። በሐምሌ 2001 ኮድ ሬድ የተባለው ትል በማይክሮሶፍት የድረ ገጽ ሰርቨር ውስጥ በነበረ የባፈር ኦቨርፍሎው ጉድለት ገብቶ፣ ከ14 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ359,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ፤ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከአንድ ወር በፊት ነበር። ጥር 25 ቀን 2003 የተነሣው ስላመር ደግሞ ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር 2000 የተባለውን የመረጃ ቋት ፕሮግራም ያጠቃ ሲሆን፣ ጠቅላላ መጠኑ 376 ባይት ብቻ ነበር። ይህ ትል በመነሻው ላይ የተጠቂዎቹን ቁጥር በየ8.5 ሰከንድ እጥፍ እያደረገ፣ ለጉድለቱ ከተጋለጡት ኮምፒውተሮች 90 በመቶ የሚሆኑትን በ10 ደቂቃ ውስጥ ያዘ፤ በአሜሪካ የባንክ ኦፍ አሜሪካ በርካታ የኤ ቲ ኤም ማሽኖች አገልግሎት አቋረጡ፣ በደቡብ ኮሪያም የኢንተርኔት ግንኙነት ታወከ። የዚህኛው ማስተካከያ ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር። በ1988 ጥፋቱ የአንድ ፕሮግራም ጸሐፊ አለመጠንቀቅ ከሆነ፣ በ2001ና በ2003 ደግሞ የተዘጋጀውን መድኃኒት በወቅቱ አለመውሰድ ተጨምሮበታል።

ስሕተቱን ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ለቅሞ ማውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ባለሙያዎች ጉድለት ቢኖር እንኳ ጥቃቱ እንዳይሳካ የሚያደርጉ መከላከያዎችን መገንባት ጀመሩ። በ1998 ክሪስፒን ካወንና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት ስታክጋርድ በተባለው ዘዴ፣ በማቆያውና በመመለሻ አድራሻው መካከል አንድ ጠባቂ ቁጥር ይቀመጣል፤ ንኡስ ፕሮግራሙ ከመመለሱ በፊት ቁጥሩ እንዳልተለወጠ ይፈተሻል፣ ተለውጦ ከተገኘ መረጃ መፍሰሱ ስለሚታወቅ ፕሮግራሙ ወዲያው ይቆማል። ሁለተኛው ዘዴ በስታክ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር እንደ ትእዛዝ እንዳይፈጸም መከልከል ነው፤ ሦስተኛው፣ ሊኑክስ ለተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በተዘጋጀው ፓክስ በተባለ ማሻሻያ ከ2001 ጀምሮ የተስፋፋው፣ የሚሞሪውን አቀማመጥ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር በዘፈቀደ መቀያየር ሲሆን፣ ጥቃት ፈጻሚው የመመለሻ አድራሻውን የሚተካበትን ትክክለኛ ቁጥር አስቀድሞ እንዳያውቅ ያደርገዋል።

እነዚህ መከላከያዎች ጥቃቱን እጅግ አክብደውታል፤ ይሁን እንጂ አንዳቸውም ብቻቸውን በቂ አይደሉም። ሶላር ዲዛይነር በሚል ስም የሚታወቀው ባለሙያ በ1997 ስታክ ላይ ያለ ነገር በሊኑክስ እንዳይፈጸም የሚከለክል ማሻሻያ ካዘጋጀ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ክልከላውን ማለፍ እንደሚቻል ራሱ አሳይቷል፤ ጥቃት ፈጻሚው የራሱን ትእዛዝ ማስገባት ቢከለከልም፣ የመመለሻ አድራሻውን በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ ወዳሉ ትእዛዞች ማዞር ይችላልና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጉድለቱን ተሸክሞ በዙሪያው አጥር ማጠር ጊዜ እንደሚገዛ፣ መፍትሔ ግን እንዳልሆነ ነው።

እውነተኛው መፍትሔ ሆር በ1960ዎቹ የጀመሩት ነው፤ ይኸውም የወሰን ፍተሻውን ከሰው ማስታወስና መርሳት አውጥቶ ለቋንቋው መስጠት ነው። በ1995 ይፋ የሆነው ጃቫና ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ቋንቋዎች ይህን ፍተሻ ሳይጠየቁ ያደርጋሉ፤ በ2015 የመጀመሪያው የጸና እትሙ የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋም የሲን ፍጥነት ሳይለቅ የሚሞሪን ወሰን ለማስከበር የተቀረጸ ነው። ማይክሮሶፍት በ2019 ይፋ እንዳደረገው፣ በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ጉድለቶች 70 በመቶ ያህሉ ከሚሞሪ አያያዝ ስሕተት የሚመነጩ ናቸው፤ በየካቲት 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት የሳይበር ኃላፊ ቢሮ ሶፍትዌር አምራቾች ሚሞሪን በሚጠብቁ ቋንቋዎች እንዲጠቀሙ የሚያሳስብ ሪፖርት አውጥቷል። ጌትስም በታኅሣሥ 2011 በጸደቀው የሲ ቋንቋ መለኪያ ከቋንቋው ተሰርዟል፤ የሞሪስ ትል አደገኛነቱን ለዓለም ካሳየ ከ23 ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

የዚህ ታሪክ ፍርድ ግልጽ ነው። ጉድለቱ የተፈጠረው ዕውቀት ጠፍቶ አይደለም፤ በ1960ዎቹ መድኃኒቱ ተሠርቷል፣ በ1972 አደጋው ተጽፏል፣ በ1980 ተግሣጹ በአደባባይ ተነግሯል፣ በ1988 ደግሞ ጉዳቱ በዓይን ታይቷል። ዕውቀት የሥራ ልማድና የሙያ ደንብ እስካልሆነ ድረስ ጥፋትን አይከለክልም፤ ጥቂት ፍጥነት ለማትረፍ የተተወ ፍተሻ ዋጋውን የሚከፍለው የተወው ሰው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ በሩቅ ያለ ተጠቃሚ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የፕሮግራም ሙያ የምትማሩና የምታስተምሩ ሁሉ ከውጭ የሚመጣን ማንኛውንም መረጃ ልኩን ሳትፈትሹ እንዳትቀበሉ፣ ተማሪዎቻችሁም ይህን ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ እንዲለምዱት እንድታደርጉ ዝግጅቱ ያሳስባል። ይህ ሙያችሁ ያልሆነ አድማጮችም በስልካችሁና በኮምፒውተራችሁ ላይ የሚቀርብላችሁን የሶፍትዌር ማሻሻያ ለነገ ሳትሉ ጫኑ፤ ኮድ ሬድና ስላመር ያጠቋቸው ኮምፒውተሮች ማስተካከያው ቀርቦላቸው ሳይጫን የቀሩ ነበሩና። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)